ስለ ጥንቸሏ የጤና ምስክር ወረቀትና ገርጥተው ስለወጡት መስታወቶች

ለተከበሩ ለሴኞር ኤሪቤርቶ ላኩዌስታ
የሥነ ሕይወታዊ ዕቃዎች ማስገቢያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ሞንቴቪዴዎ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተመቸ ወንበር ላይና በደንብ በሚሠራ ማቀዝቀዣ አጠገብ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎን የምመኘው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ እርስዎ ጉንፋን ሲይዝዎ የእርስዎን ፊርማ ተክቶ የሚፈርም ሰው በመሥሪያ ቤትዎ እንደሌለ ባለፈው የካቲት በዓይኔ ስላየሁ፣ ጤንነትዎ የአገር ጉዳይ መሆኑን ከብዙ ዜጎች ቀድሜ ተረድቻለሁ።

ስሜ ኢርማ ቤንታንኩር ይባላል። እዚሁ ሞንቴቪዴዎ በሚገኝ አንድ የአንጎል ምርምር ላቦራቶሪ ሃያ ሰባት ዓመት በቴክኒሺያንነት አገልግያለሁ። ሥራዬ የሟቾችን አንጎል ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቶ መቁረጥ፣ ቁራጩን በመስታወት ላይ ማንጠፍና ቀለም ማስያዝ ነው። ሊቃውንቱ የሚያዩትን እንዲያዩ የማደርጋቸው እኔ ነኝ ብል ትዕቢት አይሁንብኝ፤ ዝቅ ብለው እንደሚያነቡት፣ የሌለውን አይተው እንዲደሰቱ ያደረግኳቸውም እኔው ነኝ።

የማመለክትበት ጉዳይ የአንዲት ብልቃጥ ጉዳይ ነው። ከመዝገብዎ ውስጥ ብልቃጧን ለመፈለግ ጊዜ እንዳያጠፉ ባጭሩ ላስረዳ። በአንጎላችን ሴሎች ውስጥ ካልሲየም ሲገባ የሚነቃ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ካልሲየሙ ያንኳኳል፣ ኢንዛይሙ ተነሥቶ መልእክቱን ወደ ውስጥ ያደርሳል፤ የምናስታውሰው ነገር ሥር እንዲሰድም እርሱ ያግዛል ይላሉ የሚያውቁት። ኢንዛይሙን በዓይን ማየት አይቻልም። ነገር ግን ፈልጎ የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ ከጥንቸል ደም ተጣርቶ የሚወጣ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ይህን ፈሳሽ በአንጎሉ ቁራጭ ላይ ስናንጠባጥብ ኢንዛይሙ ባለበት ቦታ ይጣበቃል፤ ቀጥሎ ቀለም ስንጨምር ያ ቦታ ቡናማ ይሆናል። ኢንዛይም ካለ ቡናማ፣ ከሌለ ገርጣ ያለ ነው። የፈሳሹ መጠን የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ነገር ግን ሙቀት አይችልም፤ ሙቀት ከነካው ይሞታል፤ ሲሞትም ቀለሙም ሆነ ሽታው ስለማይለወጥ ሞቱን ለማንም አይናገርም።

እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥንቸሏ። ብልቃጧን የያዘው ሳጥን መጋዘናችሁ በገባ በማግስቱ በመስኮት ቁጥር አራት ቀረብኩ። ወረቀቱ ላይ «ምንጭ፦ ጥንቸል» ተብሎ ተጽፎ ነበርና፣ በትሕትናቸው የሚታወቁት ጸሐፊዎ ሴኞራ ኔቢያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱኝና፣

«የጤና ምስክር ወረቀቷስ?» አሉኝ።

«የማን?»

«የጥንቸሏ።»

«ሴኞራ፣ ጥንቸሏ እኮ አልመጣችም። የመጣው ከደሟ የተጣራ ጠብታ ነው።»

«ገባኝ እኮ» አሉኝ፣ እንደ እናት በሚያጽናና ድምፅ። «ግን ቅጹ ላይ ከእንስሳ ለሚገኝ ሁሉ ይላል። ያለ እሷ ወረቀት እኔ ምን ላድርግልሽ? ክትባቷን፣ ዕድሜዋን፣ ያደገችበትን እርሻ የሚገልጽ ነው። ማህተም ያለበት።»

«የሞተች ብትሆንስ?»

«እንግዲያው የሞት ምስክር ወረቀቷን አምጪ።»

ክቡር ሆይ፣ ለሕግ ያላችሁን ታማኝነት አደንቃለሁ። ስድስት ቀን ተመላልሼ በመጨረሻ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጎረቤቴ «ከላይ የተጠቀሰውን ጭነት በሰነድ መርምሬ በውስጡ ምንም ጥንቸል አለመኖሩን አረጋግጣለሁ» ብለው ጽፈው ማህተም አደረጉበት። ሴኞራ ኔቢያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ይኸው፣ እንዲህ በሥርዓት ሲሆን እኮ ነገሩ ቀላል ነው» አሉኝ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ በረዶው። እርስዎ ታመው ነበር። ከሕመምዎ ሲነሡ ደግሞ የካርኒቫል ሳምንት ደረሰ፤ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። በሰፈሬ ከበሮው ሲያልፍ እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ የማስበው ስለ ሳጥኑ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ደረቅ በረዶ ቢበዛ አምስት ቀን ይቆያል፤ ሳጥኑ በመጋዘናችሁ የቆየው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ሙቀቱም በዚያ ሳምንት ሠላሳ ስድስት ደርሶ ነበር። በሃያኛው ቀን ስረከበው ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቅ ነበር። ያስረከበኝ የመጋዘን ሠራተኛ ደግ ሰው ነበረና፣ «እንዳይበርደው ጥግ ላይ ነው ያስቀመጥኩልሽ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ዛሬም በድጋሚ አመሰግነዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችሁ ስለዚያ ሳጥን ያሰበ እርሱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፤ ይህ አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው። እርስዎና መሥሪያ ቤትዎ ለስድስት ወር ያህል እጅግ ውድ የሆነ አገልግሎት ሰጥታችሁኛል፤ የምወቅሰው ሰው ሆናችሁልኛል። እራት ስበላ እናንተን ወቅሻለሁ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ እናንተን ወቅሻለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ በመጀመሪያ የጻፍኩት አሥራ ሁለት ቁጥር ያለው ክስ አድርጌ ነበር። አራተኛው ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። ከአራተኛው ጀምሮ ያለው የእናንተ አይደለም። የእኔ ነው። ስለዚህ ቁጥር መስጠቱን ትቼ ነገሩን እንደሆነው ልንገርዎ፤ እርስዎም፣ ላቦራቶሪዬም፣ በተለይም በሚናስ ከተማ የሚኖሩ የአንዲት ሴት ጎረቤቶች ያንብቡት።

አፓሪሲዮ ካርባዮ የሚባል ሰው ነበር። ከሚናስ ወደ ሰሜን በሚሄደው መስመር ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። በአርባ ሰባት ዓመቱ ማቆሚያዎቹን መርሳት ጀመረ፤ ቀጥሎ ቤቱን፣ ቀጥሎ ሰዉን። በሃምሳ አራት ዓመቱ በአንድ የመጦሪያ ቤት ሞተ። አባቱም እንደዚያው በወጣትነት ነበር የሞተው። ታላቅ እህቱ ዶኛ ዙልማ «የሚጠቅም ከሆነ ውሰዱት» ብለው አንጎሉን ለእኛ ሰጡ። ከሞተ በኋላ ወደ እኛ ሳይደርስ በመዘግየቱ ብዙው ተበላሽቶ ነበር፤ ትዝታ ከሚጀምርበት ክፍል ደህና ሆኖ የተገኘው አሥራ አራት ስስ ቁራጭ ብቻ ነው። የቆረጥኩትም የቆጠርኩትም እኔ ነኝ።

ጥናቱ የዶክተር ሚልተን ኢራሳባል ነበር። ሚልተን ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ተማሪ ሆኖ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ማይክሮስኮፕ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ስሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ አንቱ ይለኛል። የእርሱ ሐሳብ መርሳቱ በዘር በሚተላለፍባቸው እንዲህ ባሉ ቤተሰቦች ውስጥ ሴሎቹ ከመሞታቸው በፊት ኢንዛይሙ ቀድሞ ይጠፋል የሚል ነበር። ሐሳቡን ለአራት ዓመት ይዞት ዞሯል። ታላላቆቹ ይስቁበት ነበር። የሥራ ውሉ የሚታደስበት ወይም የማይታደስበት ስብሰባ በሚያዝያ ነበር፤ ብልቃጧ ከእናንተ ዘንድ ስትወጣ መጋቢት ሊጀምር ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ብልቃጧ መሞቋን አውቅ ነበር። ለሚልተን «ትንሽ ዘግይታለች» አልኩት እንጂ ሞቃለች አላልኩትም። ምናልባት ተርፋ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ከአሥራ አራቱ ቁራጭ ሦስቱ ስለታጠፉ ወደ ጎን አድርጌ አሥራ አንዱን አዘጋጀሁ፤ ከእነርሱም ጋር አንድ መመዘኛ አደረግኩ። መመዘኛ የምንለው የጤነኛ ሰው አንጎል ቁራጭ ነው፤ ኢንዛይሙ በውስጡ እንዳለ አስቀድሞ የታወቀ፣ ስለዚህ ቡናማ መሆን ያለበት። መመዘኛው ቡናማ ካልሆነ ፈሳሹ ሞቷል ማለት ነው፤ የሌሎቹም መስታወቶች ምስክርነት አይቆጠርም። ይህን ነገር በመጀመሪያው የሥራ ሳምንቴ ተምሬ፣ ስንቱን ጀማሪ በቁጣ አስተምሬበታለሁ።

አሥራ አንዱም ገርጥተው ወጡ። መመዘኛውም ገርጥቶ ወጣ።

መመዘኛውን በእጄ ይዤ እንደቆምኩ ሚልተን ገባ።

«ዶኛ ኢርማ፣ እንዴት ሆነ?»

«ገርጥተዋል።»

«ስንቶቹ?»

«አሥራ አንዱም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እጁን ሲያነሣ ግን እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። «ጠፍቷል ማለት ነው» አለ። «ብያለሁ እኮ ዶኛ ኢርማ። አራት ዓመት ሙሉ ብያለሁ። ሲስቁብኝ እርስዎ አጠገቤ ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«መመዘኛውስ?» አለኝ። እየሳቀ ነበር የጠየቀኝ፤ ወጉን ለማድረስ።

«መመዘኛው ደህና ነው» አልኩት።

ሦስት ቃል ነው። ክቡር ሆይ፣ ሦስቱን ቃል ለምን እንዳልኩ ስድስት ወር አስቤበታለሁ። ደክሞኝ ነበር ማለት እችላለሁ፤ መስኮት ቁጥር አራት ላይ ሦስት ሳምንት የቆመ ሰው ይደክመዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፈሳሽ ፈልጌ እደግመዋለሁ ብዬ ነበር ማለትም እችላለሁ፤ ብዬም ነበር። እውነቱ ግን ደስታውን ላጠፋበት አልፈለግኩም፤ ከዚህም በላይ፣ አንድ ሰው በከንቱ ያለቁትን አሥራ አንድ ቁራጮች «ማን አጠፋቸው?» ብሎ እንዲጠይቀኝ አልፈለግኩም። እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። በሞተ ፈሳሽ መጀመር አልነበረብኝም፤ አንዱን ቁራጭ ብቻ ሞክሬ መመዘኛውን ማየት ነበረብኝ። ገርጥቶ የወጣውን መመዘኛ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። በሰነዱ ላይ ያለፈውን ዓመት መመዘኛ ፎቶግራፍ አያያዝኩ። የሚያምር ቡናማ ነበር።

ሥራው ታተመ። የሚልተን ውል ታደሰ። እርሱም በደስታው ለዶኛ ዙልማ ደወለላቸው፤ እርሳቸውም በአውቶቡስ መጡ፤ ከሚናስ የሚመጣውን ጣፋጭ የአልፋሆር ብስኩት በካርቶን ይዘው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃውን እኔ ነኝ ደግፌ ያወጣኋቸው።

ሚልተን መስታወቱን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጎ አሳያቸው። «እዚህ ጋ ቡናማ መሆን ነበረበት ዶኛ ዙልማ። ባዶ ነው፤ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል። ምን ማለት ነው ግን ልጄ?»

«የሚያስታውስበት ነገር አልነበረውም ማለት ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ከመነጽሩ አላነሡም። ከዚያ እኔን አይተው ተናገሩ፤ ሴት ስለሆንኩ ይሆናል። «እኔ እኮ ሆን ብሎ መስሎኝ ነበር» አሉ። «አፓሪሲዮ ከልጅነቱ ቀልደኛ ነው፤ ሰው ማሞኘት ይወዳል። አንድ ቀን ልጠይቀው ስሄድ እንደ ተሳፋሪ አየኝና ወዴት ነው የሚወርዱት አለኝ። አትቀልድ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ተናደድኩ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እኔን አላውቅም ይላል ብዬ ወጣሁ። ሁለት ዓመት አልተመለስኩም። ከዚያ ሞቱን ነገሩኝ።»

ዶኛ ዙልማ እጄን ያዙኝ። «እግዜር ይስጥሽ እህቴ። አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አሉኝ።

በዚያች ደቂቃ መመዘኛው ከክርናቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እጃቸውን መልሼ ጨበጥኩ። «አይዞዎት» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ አንድ ካርቶን አልፋሆር ይልኩልኝ ጀመር። የአፓሪሲዮ የድሮ ባልደረቦች የሆኑ ሾፌሮች እያመጡ በር ላይ ይሰጡኛል፤ «ከዶኛ ዙልማ ነው፤ ሰላም ብላሻለች» ይሉኛል። ባልደረቦቼ በሉት። እኔ አንዱንም አልቀመስኩም። በአምስተኛው ካርቶን ላይ በእጃቸው «ሰሞኑን ስለ እሱ ሳወራ አላለቅስም» ብለው ጽፈውበት ነበር። ያን ዕለት ከሥራ ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለት ማቆሚያ አልፌ ወረድኩ።

በማግስቱ ከሁለት ሕንፃ ወዲያ ካለ ሌላ ላቦራቶሪ ሄጄ፣ ከዓመት በፊት አስገብተው በረዶ ውስጥ በሥርዓት ካቆዩት ተመሳሳይ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ለመንኩ። ሰጡኝ። የታጠፉትን ሦስት ቁራጮች አወጣሁ። በብሩሽ ፀጉር አንድ ጧት ሙሉ ስዘረጋቸው አረፈድኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። መመዘኛውንም አብሬ አደረግኩ።

መመዘኛው ቡናማ ሆነ። የአፓሪሲዮ ካርባዮም ሦስቱ ቁራጮች ዝናብ እንደጠገበ እርሻ ቡናማ ሆኑ። ኢንዛይሙ ሙሉ ነበር። ምንም አልጠፋም።

መስታወቶቹን ይዤ ወደ ሚልተን ክፍል ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። አሮጌውንም መመዘኛ ከመሳቢያዬ አውጥቼ አጠገባቸው አኖርኩት። አንድ በአንድ አያቸው።

«መመዘኛው ደህና ነው ብለውኝ ነበር» አለኝ።

«ዋሽቼህ ነው።»

«ፎቶው?»

«ያለፈው ዓመት ነው።»

«ለምን ዶኛ ኢርማ?»

«ደስ ብሎህ ነበር» አልኩት። ይህን ያልኩት ሰበብ እንዲሆነኝ አልነበረም። እርሱ ግን እንደተመታ ሰው ራሱን አዞረ። «እንዲህ አድርገው በእኔ ላይ አይጫኑት» አለኝ። «እኔን ለማስደሰት ብለው ነው እንዳይሉኝ። እኔም መመዘኛውን ያሳዩኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ አውቃለሁ።» ከዚያ «እባክዎ ይውጡ» አለኝ፤ አንቱታውን ሳይተው።

ያንኑ ዕለት ላሳተመው መጽሔት ጽፎ ሥራው እንዲሰረዝ ጠየቀ። እኔም ለላቦራቶሪው ኃላፊ ሄጄ ተናገርኩ። ሚልተን አሥራ አንድ ቀን አላናገረኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሬ ላይ ቆሞ፣ «ለዶኛ ዙልማ ማን ይነግራቸዋል?» አለኝ።

«እኔ።»

«አብረን እንሄዳለን። መስታወቱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።»

በመስከረም አጋማሽ ቅዳሜ ቀን ሄድን። ዶኛ ዙልማ በራቸውን ከፍተው ሲያዩን ሌላ የምሥራች ያመጣን መስሏቸው ፊታቸው በራ፤ ያን ፊት ከማየት ሌላ ማንኛውንም ቅጣት እመርጥ ነበር። የማቴ ሻይ አፍልተው አቀረቡልን። እኔ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ «አመሰግናለሁ» ብዬ ተውኩት፤ ይበቃኛል ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር እንዳለ ገባቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሙቀቱን፣ መመዘኛውን፣ መሳቢያውን፣ ፎቶውን። ስለ እርስዎ መሥሪያ ቤትም ልጀምር ነበር፤ ሚልተን ቀና ብሎ ሲያየኝ ተውኩት።

ዶኛ ዙልማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው አዳመጡ። ስጨርስ፣

«እንግዲህ ነበረው ማለት ነው» አሉ። «የሚያስታውስበት።»

«ኢንዛይሙ ነበረ» አለ ሚልተን። «ያስታውስዎት ነበር ማለት ግን አይደለም። ሌላ የተበላሸ ብዙ ነገር ሊኖር ይችላል። ዶኛ ዙልማ፣ አናውቅም።»

«አታውቁም።»

«አናውቅም።»

«አለማወቁማ ድሮም ነበረኝ ልጄ» አሉት። «እሱን ለማግኘት ሞንቴቪዴዎ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ያን ቀን እጄን ስትይዢ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«አይዞዎት ስትይኝም?»

«አዎ።»

ውጭ ሞተር ብስክሌት አለፈ። «እኔም እሱ እያየኝ ነው ጀርባዬን ሰጥቼው የወጣሁት» አሉ በመጨረሻ። «ስለዚህ እኔ አንቺን አልሰድብም። ግን ይቅር እንድልሽ ከሆነ የመጣሽው፣ ዛሬ አልችልም። ነገም እንደምችል አላውቅም።»

«ለዚያ አልመጣሁም» አልኳቸው። ይህም ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም።

«አንድ ነገር አድርጊልኝ» አሉኝ። «እኔ ለዚህ ሰፈር ሁሉ የአፓሪሲዮ አንጎል ባዶ ነበር ብዬ አውርቻለሁ። በየሱቁ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በአውቶቡሱ። ጉልበቴ እንዲህ ሆኖ በየቤቱ እየዞርኩ አልመልሰውም። አንቺ በስምሽ ጻፊው፤ ሰው በሚያነበው ቦታ። ጥፋቱን በሌላ ላይ አትለጥፊው። ወንድሜ ባዶ አልነበረም በይ።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ በምስጢር ሳይሆን በአደባባይ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ እላለሁ፦ የሚናሱ አፓሪሲዮ ካርባዮ ባዶ አልነበረም። እህቱን ለምን እንዳላወቃት እኛ አናውቅም። ያወቅን መስለን የተናገርነው በእኔ ውሸት ነው።

ሚልተን ውሉ አልተነጠቀም፤ ነገር ግን በራሱ ፈቃድ ለአንድ ዓመት በሌላ ሰው ሥር ሊሠራ ጠይቋል። እኔን የሚመለከተው ኮሚቴ ለስድስት ወር ከቀለም ሥራ አግልሎኛል፤ መስታወት አጥባለሁ። ያለ ቁጣ ነው የማጥበው። በየቀኑ ጧት ሚልተን በአጠገቤ ሲያልፍ «እንዴት አደሩ» ይለኛል፤ ከዚያ ያለፈ ገና አልሆነልንም። አልፋሆር መምጣቱ ቆሟል።

የእርስዎን መሥሪያ ቤት በተመለከተ፣ ዕቃ በወቅቱ እንዲወጣ፣ ማቀዝቀዣ እንዲገዛ፣ ወይም ጉንፋን ሲይዝዎ ሌላ ሰው እንዲፈርም በማለት የተቋሙን የቆየ ባህል ለመንካት አልደፍርም። ሕግን ከሰው ሁሉ አብልጣችሁ መጠበቃችሁን አይቻለሁ፤ እኔ ግን የገዛ ሙያዬን ሕግ አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ መጠበቅ ስላልቻልኩ በእናንተ ላይ ለመፍረድ የሚያበቃ ቁመት የለኝም። ሆኖም አንድ ትሑት ጥያቄ ቢፈቀድልኝ፦ በመጋዘናችሁ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ሳጥን ከአንድ ሰው ቤት የመጣ ወይም ወደ አንድ ሰው ቤት የሚሄድ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር በቅጹ ላይ ቢጨመር፣ የሴኞራ ኔቢያን ሥራ እጅግ አያከብድም ብዬ አምናለሁ።

ለዘመናት ስላሳያችሁት ትዕግሥት፣ በተለይም በሌላው ሰው ጊዜ ላይ ስላሳያችሁት ትዕግሥት፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለፊርማዎ ፈጣን እጅን፣ ለመጋዘናችሁ ቀዝቃዛ በጋን እመኛለሁ።

ትሑት ባለጉዳይዎና ከእርስዎ ያላነሰች በደለኛ የሆነችው፣

ኢርማ ቤንታንኩር
የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ለጊዜው መስታወት አጣቢ

ማስታወሻ፦ ጠበቆችዎ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሊመልሱልኝ ቢያስቡ ድካማቸውን ላቀልላቸው። ሳጥኑን ስረከብ በሞላሁት ቅጽ ላይ «ዕቃው በጥሩ ሁኔታ ደርሷል ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ «አዎ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈርሜያለሁ። «አይደለም ካልሽ እስኪጣራ ሌላ ሳምንት ይቆያል» ስላሉኝ ነው። ፊርማው የእኔ ነው፤ ሳጥኑ በእጄ ላይ እየሞቀ የፈረምኩት ነው። ስለዚህ በመዝገባችሁ ውስጥ እናንተ ፍጹም ንጹሐን ናችሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። በዚያ ሳምንት የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸት እርሱ ነበር። ከእናንተ መካከል ሳጥኑን ነክቶ «እውነትሽን ነው?» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሁለተኛው በጣም የቀለለኝ ለዚህ ነው።